ድብብቆሽ በሰፊ ሜዳ፤ ተደብቆ የሚጫወት ሰው የሚያድገው በምኑ ነው?

በዚህ ዓምድ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ታሪኩና ስለ ስደቱ ኑሮ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል፡፡ እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን አንዳንዶቻችሁን «ደግሞ ይሄ ምን ሊጻፍበት ነው?» ማሰኘቱ አይቀርም፡፡ የምጽፈው ስለ ቪዲዮ ጌም ነው፡፡ ልጆቻችን በየቤቱ ይህን ያህል ሰዓት የሚሰጡት ነገር «የልጅ ጨዋታ ነው» ተብሎ ብቻ መታለፍ የለበትም ከሚሉት ወገን ነኝ፡፡ ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፡፡

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ነገር እንዲህ ነው፡፡ አንድ ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሲጫወት እኔም አጠገቡ ሆኜ እመለከት ነበር፡፡ የሚጫወትበት ሰውዬ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቋል፡፡ ልጁ የጠባቂዎቹን አዟዟር አሥር ደቂቃ ያህል ሲያጠና ቆየ፤ የትኛው በየት በኩል ዞሮ እንደሚመለስ፣ የትኛው ከቦታው እንደማይነቃነቅ ለየ፡፡ ከዚያ በግንቡ ወጣ፣ በጣሪያው ላይ ተሳበ፣ ማንም ሳያየው ከጦር አዛዡ ጀርባ ደረሰና በጩቤ ወጋው፡፡ እኔ «ጎበዝ!» ብዬ ሳልጨርስ አዛዡ ዞር አለ፡፡ አልሞተም፡፡ ከራሱ በላይ ካለው የጤና መስመር ላይ ትንሽ ብቻ ቀነሰ፡፡ ወዲያው ግቢው በሙሉ ነቃ፤ ልጁም ተገደለ፡፡

«ምን አጠፋህ?» አልኩት፡፡

«ምንም አላጠፋሁም አጎቴ፤ ሌቭሌ ስላልደረሰ ነው» አለኝ፡፡

«ታዲያ አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ሌላ ቦታ ሄጄ ትንንሽ ሥራዎች ልሥራና ሌቭሌን ከፍ አድርጌ እመለሳለሁ፡፡»

ይህች «ምንም አላጠፋሁም» የምትል መልስ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣችም፡፡ እውነቱን ነው፤ ልጁ ሁሉንም ነገር በትክክል ሠርቶ ነው የተሸነፈው፡፡ አይቷል፣ አድምጧል፣ ታግሷል፡፡ የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፡፡ ቁጥሩን የሚያገኘው ደግሞ ተደብቆ መሄድን የበለጠ በመማር ሳይሆን ሌላ ቦታ ሄዶ ሌላ ሥራ በመሥራት ነው፡፡

ከዚህ ተነሥቼ ነው ጥያቄውን የማቀርበው፡፡ ተደብቆ የመሄድ ጨዋታ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ስቴልዝ» የሚሉት፣ ዛሬ ሁሉንም ጌም ከወረሩት ከሁለቱ ፋሽኖች፣ ማለትም ከ«ክፍት ዓለም» እና ከሮል ፕሌይንግ ጌም ከመጣው የሌቭል አስተዳደግ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም? የኔን መልስ ከወዲሁ ልናገር፡፡ ሊስማማ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፡፡ በድብብቆሽ ውስጥ ማደግ ያለበት በመጀመሪያ ተጫዋቹ ራሱ እንጂ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ አይደለም፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ፡፡)

1. ድብብቆሽ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ኩኩሉ ያልተጫወተ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አልገምትም፡፡ በኩኩሉ የሚደበቀው ልጅ ጉልበት አያስፈልገውም፡፡ የሚያስፈልገው ግቢውን ማወቅ ነው፡፡ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ሲነካ እንደሚጮህ፣ ከበርሜሉ ኋላ አንድ ሰው ብቻ እንደሚበቃው፣ ፈላጊው ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ በሩ እንደሚሮጥ ማወቅ ነው፡፡ ትንሹ ልጅ ትልቁን የሚያሸንፍበት ጨዋታ የሆነውም ለዚህ ነው፡፡ የጨዋታው ጣዕም ያለው በፍርሃቱ ነው፤ የፈላጊው ኮቴ ሲቀርብ ትንፋሽን መያዙ ላይ ነው፡፡

የኮምፒውተሩ ድብብቆሽም መሠረቱ ይኸው ነው፡፡ ጃፓናዊው ሂደዮ ኮጂማ በ1987 «ሜታል ጊር» የተባለውን ጌም ኤም ኤስ ኤክስ 2 ለተባለው ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ሌሎች ጌሞች ጠላትን ፊት ለፊት መግጠም በሚያስተምሩበት ዘመን ጠላትን መሸሽንና መደበቅን ዋና ነገር አደረገ፡፡ ይህ ዓይነት ጨዋታ ራሱን ችሎ የቆመው ግን በ1998 ነው ማለት ይቻላል፡፡ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ «ቴንቹ»፣ «ሜታል ጊር ሶሊድ» እና «ቲፍ» (ሌባ ማለት ነው) ተከታትለው ወጡ፡፡

«ቲፍ»ን ጠጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም ለዚህ ክርክር እንደ መለኪያ ያገለግለናል፡፡ የሠራው ሉኪንግ ግላስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፡፡ ጋሬት የተባለው ሌባ ጎራዴ ቢኖረውም ከሁለት ጠባቂ ጋር ፊት ለፊት ቢገጥም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፡፡ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለች አንዲት ዕንቁ ብርሃን ውስጥ ሲሆን ትበራለች፣ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ትጠቁራለች፡፡ ወለሉም ይናገራል፤ በብረትና በሸክላ ንጣፍ ላይ ሲረግጥ ድምፁ ሩቅ ይሰማል፣ በምንጣፍ ላይ ግን አይሰማም፡፡ በቀስቱ የሚወረውረው ውኃ ችቦ ያጠፋል፤ ሌላው ቀስት ደግሞ ወለሉን በሽበት በመሸፈን ኮቴን ያፍናል፤ ገመድ ያለው ቀስት እንጨት ላይ ተተክሎ ያወጣዋል፡፡

አሁን ልብ በሉልኝ፡፡ በዚህ ጌም ውስጥ ሌቭል የለም፡፡ ጋሬት በመጀመሪያው ቤትና በመጨረሻው ሥራ ላይ ያለው ጉልበት ያው ነው፡፡ በአንድ ቤት የሰረቀው ወርቅ ለሚቀጥለው ሥራ ዕቃ ይገዛበታል፤ ያላዋለው ወርቅ ግን አይጠራቀምም፡፡ ተጫዋቹ ጨዋታው ከበድ እንዲልለት ሲመርጥም ጌሙ የጠባቂዎቹን ጤና በማብዛት ብቻ አይገላገልም፤ ተጨማሪ ግዳጅ ይሰጠዋል፡፡ በከባዱ ደረጃ ላይ ሰው መግደል ጭራሹን ክልክል ነው፡፡ የሚያድገው ማን ነው ታዲያ? የሚያድገው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፡፡

2. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»

ሁለተኛው ነገር የሌቭል አስተዳደግ ነው፡፡ ምንጩ በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፡፡ ተጫዋቹ ጭራቅ ሲገድልና ሀብት ሲያገኝ የልምድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲሞላ ሌቭሉ ከፍ ይላል፤ ሌቭሉ ሲጨምር ጤናውና ጉልበቱ ይጨምራል፡፡ አስተዳደጉ ለሰው ልጅ ደስ የሚል ነገር መሆኑን አልክድም፡፡ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ትላንት ያቃተውን ነገር ዛሬ ሲችል የማይደሰት የለም፡፡

ችግሩ ይህ ዘዴ የተፈጠረው ለውጊያ መሆኑ ነው፡፡ በውጊያ ውስጥ «ጉልበትህ 10 ነበር፣ አሁን 12 ሆነ» ማለት ትርጉም አለው፡፡ መታየትና አለመታየት ግን እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ የሚቆጠር ነገር አይደለም፡፡ ወይ ታይተሃል ወይ አልታየህም፡፡ እንደኔ እንደኔ ሁለቱ ሲጋጩ የሚደርሰው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው፡፡

የመጀመሪያው ፍርሃቱ መጥፋቱ ነው፡፡ በ2011 የወጣውን «ስካይሪም»ን እንውሰድ፡፡ በዚህ ጌም መደበቅ እንደማንኛውም ችሎታ በቁጥር ያድጋል፡፡ ቁጥሩ ወደ 100 ሲጠጋ ጠላት አፍንጫ ሥር ቁጢጥ ብሎ መሄድ ይቻላል፡፡ በጀርባ የሚሰነዘር የጩቤ ምት ችሎታው ሲሟላ ጉዳቱ በ15 ይባዛል፡፡ በቀስት የተወጋ ጠባቂ ትንሽ ፈልጎ ሲያጣ፣ ፍላጻው አካሉ ላይ እንደተሰካ ወደ ሥራው ይመለሳል፡፡ ይህ በተጫዋቾች ዘንድ መሳቂያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገራል፡፡ ልብ ይሏል፤ ተጫዋቹ አልተሻሻለም፣ ጠባቂዎቹ ታወሩ እንጂ፡፡ ኩኩሉ ላይ ፈላጊው ዓይኑን እንደጨፈነ ቢፈልግ ማን ይጫወታል?

ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥራው በትክክል ተሠርቶ ቁጥሩ ሲከለክል፡፡ ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሚያወጣው «አሳሲንስ ክሪድ» በ2007 ሲጀመር ደማስቆን፣ አክርንና ኢየሩሳሌምን በመስቀል ጦርነት ዘመን ያሳየ፣ በሕዝብ መካከል ተመሳስሎ ስለመሄድ የተሠራ ጌም ነበር፡፡ ምልክቱ ከእጅጌ ውስጥ የምትወጣው ድብቅ ስለት ነበረች፡፡ በ2017 በወጣው «ኦሪጅንስ» ጥንታዊት ግብፅን፣ በ2018 በወጣው «ኦዲሲ» ጥንታዊት ግሪክን ይዞ ሲመጣ ግን ኩባንያው ጌሙን ወደ ሮል ፕሌይንግ ለወጠው፡፡ ጠላቱ በሌቭል ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ከጀርባው የተሰነዘረው ስለት ጤናውን ይቀንሳል እንጂ አይገድለውም፡፡ ያ የእህቴን ልጅ የገጠመው ዓይነት ነገር ማለት ነው፡፡

ሦስተኛው ጉዳት ሽልማቱ የሰውን ጠባይ መለወጡ ነው፡፡ በ2011 የወጣው «ዴየስ ኤክስ፦ ሂዩማን ሬቮሉሽን» በብዙ ነገሩ የሚመሰገን ጌም ነው፡፡ ነገር ግን ጠባቂን ሳይገድሉ ከኋላ አንቆ መጣል ነጥብ ያስገኛል፤ የኮምፒውተር መቆለፊያ ሰብሮ መግባትም እንዲሁ፡፡ ውጤቱ ምን ሆነ? ጥላ ሆኖ አልፎ መሄድ የሚችለው ተጫዋች ነጥቡ እንዳይቀርበት ወደ ኋላ እየተመለሰ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፡፡ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ አንብቦ ያወቀው ሰው እንኳ ቃሉን ከመጻፍ ይልቅ ሰብሮ መግባትን መረጠ፡፡ መደበቅ ቀረና አዝመራ መሰብሰብ ሆነ ማለት ነው፡፡ በዚያ ላይ ሙሉውን መንገድ ሳይታይ የመጣው ተጫዋች የግድ መግጠም ያለበት የአለቆች ፍልሚያ ነበር፤ ችሎታውን ሁሉ ለመደበቅ ያዋለ ሰው እዚያ ላይ ክፉኛ ይቸገራል፡፡ ይህ ብዙ ተቃውሞ ስላስነሳ በ2013 በወጣው የታረመ እትም ላይ ለእነዚያ ፍልሚያዎች ሌላ መውጫ መንገድ ተጨመረላቸው፡፡

3. ሜዳው ሲሰፋ

አሁን ወደ ክፍት ዓለም እንምጣ፡፡ ክፍት ዓለም ማለት ተጫዋቹ ከክፍል ወደ ክፍል ሳይወሰን በሰፊ አገር ላይ ወደፈለገበት የሚሄድበት አሠራር ነው፡፡ በየተራራው ሥር አንድ ሥራ፣ በየመንደሩ አንድ ሣጥን፣ በየወንዙ አንድ ጠላት አለ፡፡ አበው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው፡፡

ድብብቆሽ በሰፊ ሜዳ የሚቸገርበት ምክንያት ግልጽ ነው፡፡ በ«ቲፍ» የመጀመሪያ ሥራ ላይ ያለውን የሎርድ ባፎርድን ቤት የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን ምንጣፍ፣ እያንዳንዱን ችቦ አስበው ነው ያስቀመጡት፡፡ በፊት በር መግባት እንደማይቻል፣ በጓሮ በኩል በጉድጓዱ መግቢያ እንዳለ፣ አዳራሹ ሸክላ ንጣፍ መሆኑንና ምንጣፍም መኖሩን ተጫዋቹ አንድ በአንድ ይማራል፡፡ እንዲህ ያለ ግቢ አንድ ወይም አሥር መሥራት ይቻላል፡፡ መቶ መሥራት ግን አይቻልም፡፡ ስለዚህ ሰፊውን አገር የሚሠሩት ኩባንያዎች አንዱን ሰፈር ቀድተው ሃምሳ ቦታ ይተክሉታል፡፡ ተጫዋቹ ሦስተኛውን ሲያይ ቀሪውን አወቀው ማለት ነው፤ የሚማረው ነገር አለቀ፡፡

ሌላው ችግር መሸሽ መቅለሉ ነው፡፡ በቤት ውስጥ የታየ ሌባ መደበቂያ መፈለግ አለበት፡፡ በሜዳ ላይ የታየው ግን ፈረሱን ጠርቶ ይጋልባል፤ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲመለስ ጠባቂዎቹ ሁሉን ረስተውታል፡፡ ስህተት ዋጋ ከሌለው ጥንቃቄም ዋጋ የለውም፡፡

ታዲያ ሰፊ ሜዳ ለድብብቆሽ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው? እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ከሁሉ የተሻለውን ምስክር ልጥራ፡፡ የኮጂማ ቡድን በ2015 ያወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 5፦ ዘ ፋንተም ፔይን» ነው፡፡ ታሪኩ በ1984 በሶቪየት በተያዘችው አፍጋኒስታን እና በአንጎላና በዛየር ድንበር ላይ የሚካሄድ ሲሆን ሁለቱም ሰፊ ሜዳዎች ናቸው፡፡

ይህ ጌም ያደረገው ትልቅ ነገር ጠላትን ማሳደጉ ነው፡፡ ተጫዋቹ ሁልጊዜ ጭንቅላት ላይ የሚተኩስ ከሆነ ወታደሮቹ የብረት ቆብ ማድረግ ይጀምራሉ፡፡ ሁልጊዜ በሌሊት የሚመጣ ከሆነ የሌሊት መነጽር ይታደላቸዋል፡፡ ጭስ የሚጠቀም ከሆነ የጋዝ ጭምብል ያጠልቃሉ፡፡ ተጫዋቹም በተራው የራሱን ሰዎች ልኮ የቆቡንና የመነጽሩን አቅርቦት ማስወደም ይችላል፡፡ አንድ የጦር ሰፈር ላይ ከታየም ነገሩ እዚያ አያበቃም፤ ሬዲዮኑ ካልተበላሸ በቀር ወሬው ለሌሎች ይደርሳል፡፡ በዚህ ዓይነት የሜዳው ስፋት ትርጉም አገኘ፡፡ ከየትኛው ኮረብታ ላይ ሆኜ በመነጽር ልይ? ፀሐይ እስክትጠልቅ ልጠብቅ ወይስ የአሸዋው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ልግባ? መውጫዬስ በየት ነው? እነዚህ በጠባብ ቤት ውስጥ የማይነሡ ጥያቄዎች ናቸው፡፡

ነገር ግን ያው ጌም ድካሙንም ያሳየናል፡፡ በሰፈሮቹ መካከል ያለው አገር ባዶ ነው፤ ብዙው ጊዜ በፈረስ መጋለብና ሄሊኮፕተር መጥራት ላይ ያልቃል፡፡ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2014፣ ይኸው ቡድን እንደ መቅድም አድርጎ «ግራውንድ ዜሮስ» የተባለ ትንሽ ጌም አውጥቶ ነበር፡፡ በኩባ ያለ አንድ የእስር ካምፕ ብቻ ነው ያለው፤ አጨዋወቱ ከትልቁ ጋር አንድ ዓይነት ነው፡፡ አጭር ነው ተብሎ ቢተችም፣ ካምፑን ደጋግመው የተጫወቱት ሰዎች ማማውን፣ ድንኳኑን፣ የጭነት መኪናውን መንገድ እንደ ሰፈራቸው አወቁት፡፡ በትልቁ ጌም ውስጥ ያን ያህል በውስጥ የሚታወቅ ቦታ ጥቂት ነው፡፡ አንድ እጅ የሠራቸው ሁለት ጌሞች ስለሆኑ ለክርክራችን ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም፡፡ ስፋት ለድብብቆሽ የሚጠቅመው ለመቅረቢያና ለመውጫ መንገድ ሲሆን ነው፡፡ ጨዋታው ራሱ የሚኖረው ግን በግቢው ውስጥ ነው፡፡

4. ተስማምተው የኖሩባቸው ቤቶች

አስተዳደግን በተመለከተም የተሳካላቸው አሉ፡፡ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ፡፡

አንደኛው ዋረን ስፔክተር የመራው የ2000ው «ዴየስ ኤክስ» ነው፡፡ የነጻነት ሐውልት ከቆመበት ደሴት የሚጀምረው ይህ ጌም የችሎታ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ የሚገኘው ግን ቦታ በማግኘትና ዓላማ በመፈጸም እንጂ ሰው በመግደል አይደለም፡፡ ስለዚህ ተዋግቶ የገባውም፣ ተደብቆ የገባውም፣ በቃል አሳምኖ የገባውም እኩል ያድጋሉ፡፡ በሰውነት ላይ የሚገጠሙት መሣሪያዎች ደግሞ ከሁለት አንዱን የሚያስመርጡ ናቸው፤ አንዱን ከመረጡ ሌላው ለዘለዓለም ይቀራል፡፡ ማደግ ማለት እዚህ መጠንከር ብቻ አይደለም፤ መወሰን ነው፡፡

ሁለተኛው በ2012 አርኬን የተባለው ድርጅት ያወጣው «ዲስኦነርድ» ነው፡፡ ኃይል የሚጨምሩት ምልክቶች ከተማዋን በመበርበር የሚገኙ ናቸው፡፡ በቅጽበት ከጣሪያ ወደ ጣሪያ መሻገር፣ በግድግዳ ማዶ ያለውን ማየት የመሳሰሉት ችሎታዎች ተጫዋቹን አዳዲስ መንገድ ያሳዩታል እንጂ ጠባቂዎቹን አያሳውሩለትም፡፡ ብዙ የገደለ ሰው ከተማዋ ውስጥ አይጥና ጠባቂ ይበዛበታል፤ ጉልበት ዋጋ አለው ማለት ነው፡፡ በ2016 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ላይ ተጫዋቹ «ኃይሉ ይቅርብኝ» ብሎ ከመጀመሪያው እምቢ ማለትና እስከ መጨረሻው በራሱ ብልሃት መሄድ ይችላል፡፡ አስተዳደጉን እምቢ ብሎ ጨዋታውን መጨረስ መቻሉ፣ ቤቶቹ በቁጥር ሳይሆን በአሠራር የቆሙ መሆናቸውን ያሳያል፡፡

ሦስተኛው በ2016 የተጀመረው አዲሱ «ሂትማን» ነው፡፡ በጣሊያን ባሕር ዳር ያለችው ሳፒየንዛ የምትባል ምናባዊ ከተማ አንዲት ብቻዋን ትንሽ ክፍት ዓለም ናት፡፡ ቤተ ክርስቲያን፣ ቪላ፣ ገበያ፣ ከምድር በታች ያለ ቤተ ሙከራ አላት፡፡ ተጫዋቹ ቦታዋን በተለያየ መንገድ ሲጨርሳት ሌቭሉ ያድጋል፤ የሚሸለመው ግን ጉልበት አይደለም፡፡ የሚሸለመው አዲስ መነሻ ቦታ፣ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ሥውር ሥፍራ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ ወይም አትክልተኛ መስሎ መጀመር መቻል ነው፡፡ ቁጥሩ ተጫዋቹ ከተማዋን ማወቁን የሚመዘግብ ደብተር ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው፡፡

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፡፡ አስተዳደጉ መንገድ ሲጨምር ለድብብቆሽ ይስማማል፤ ፍርሃትን ሲያጠፋ ወይም የተማሩትን ሲሽር አይስማማም፡፡

5. «ለምን ታዲያ?» ለሚሉ

አንዳንድ ወገኖች «ይህ የአሮጌ ተጫዋች ቅሬታ ነው፤ ሕዝቡ የወደደው ሰፊውንና ሌቭል ያለውን ነው» ሊሉኝ ይችላሉ፡፡ ክርክሩ ሚዛን የለውም አልልም፡፡ ጠባብና ከባድ ድብብቆሽ ሁሉም ሰው የሚወደው አይደለም፤ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው አንድ ኮሪደር ላይ አሥር ጊዜ መሞት ባይፈልግ አይፈረድበትም፡፡ ገበያውም የሚናገረው ይህንኑ ነው፡፡ ሉኪንግ ግላስ በ2000 ተዘጋ፡፡ «ዴየስ ኤክስ»ን የሠራው አዮን ስቶርም በ2005 ተዘጋ፡፡ «ስፕሊንተር ሴል» ከ2013 በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ አዲስ ጌም ቆየ፡፡ በድብብቆሽ ስልት የተካነው የጀርመኑ ሚሚሚ በ2023 መዘጋቱን አስታወቀ፡፡ በ2024 ደግሞ «ዲስኦነርድ»ን ከሠሩት ሁለት የአርኬን ቢሮዎች የኦስቲኑን ማይክሮሶፍት ዘጋው፡፡ የሁሉም ምክንያት አንድ ነው አልልም፤ ነገር ግን ዘርፉ ባለጸጋ እንዳልሆነ ማንም ያየዋል፡፡

ቢሆንም ሌላም ገጽ አለው፡፡ ሌቭል የተጫዋችን ሰዓት ማርዘሚያም ነው፡፡ «ኦዲሲ» ሲወጣ የልምድ ነጥብን በፍጥነት የሚያሳድግ ነገር በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጥ ነበር፡፡ አንድ ኩባንያ ጨዋታውን አስረዝሞ፣ ማሳጠሪያውን መልሶ ሲሸጥ፣ ወላጆች ቢያንስ ነገሩን ማወቅ አለብን፡፡ ልጁ «ሌቭሌ አልደረሰም» ሲል የጎደለው ችሎታ ይሁን ወይስ ሰዓት፣ ካልሆነም የእኛ የባንክ ካርድ፣ መለየት መቻል ይኖርብናል፡፡

ደግነቱ ኩባንያዎቹም ቅሬታውን የሰሙ ይመስላሉ፡፡ ዩቢሶፍት በ2023 «ሚራዥ» የተባለውን፣ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የተመሠረተውን አጠር ያለ ጌም ሲያወጣ ሌቭሉን አስቀርቶ ወደ ድሮው አሠራር ተመለሰ፡፡ በ2025 በወጣው «ሻዶውስ» ላይ ደግሞ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፡፡ ናኦኤ የተባለችው ልጅ መብራት እያጠፋች በጨለማ ትሄዳለች፤ በታሪክ የሚታወቀው፣ በ1581 ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለው አፍሪካዊው ያሱኬ ደግሞ ፊት ለፊት ይዋጋል፡፡ ሌቭሉ አሁንም አለ፡፡ ነገር ግን ከጀርባ የተሰነዘረ ምት ሁልጊዜ እንዲገድል የሚያደርግ ምርጫ በማስተካከያው ገጽ ላይ ተቀምጧል፡፡ እንደኔ አስተያየት ያች ምርጫ የኩባንያው ሳይታወቅ የወጣ ኑዛዜ ናት፡፡ ቁጥሩ ለድብብቆሹ አስፈላጊ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ባልሆነ ነበር፡፡

መደምደሚያ

ከላይ የጠቀስኩትን ላጠቃልል፡፡ ክፍት ዓለም ከድብብቆሽ ጋር የሚስማማው በውስጡ ያሉት ግቢዎች በእጅ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሜዳውም የሚታይና የሚታሰብበት መቅረቢያ ሲሆን፣ ስህተትም ዋጋ ሲኖረው ነው፡፡ የሌቭል አስተዳደግም የሚስማማው መንገድ ሲጨምር፣ ሽልማቱ ለተደበቀውም ለተዋጋውም እኩል ሲሆን፣ ጠላትም አብሮ ሲማር ነው፡፡ ከዚህ ውጪ ያለው ግን የውጊያ ጌም ሆኖ የድብብቆሽ ልብስ የለበሰ ነው፡፡

የእህቴን ልጅ ነገር ሳልነግራችሁ አልለይም፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን የ1998ቱን «ቲፍ» በኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ አስቀመጥኩት፡፡ መጀመሪያ በሥዕሉ ማርጀት ሳቀ፡፡ ቀጥሎ በባፎርድ አዳራሽ ሸክላ ላይ ሮጦ ሦስት ጊዜ ተያዘና ተናደደ፡፡ «አጎቴ፣ ሌቭሌ የት ነው የሚታየው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደሌለው ነገርኩት፡፡ ትቶት ይነሣል ብዬ ስጠብቅ አልተነሣም፡፡ በሦስተኛው ቀን ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ፣ በምንጣፉ ዳር ዳር እያለ፣ የጠባቂውን ኮቴ እየቆጠረ አዳራሹን ሲያልፍ አየሁት፡፡ በትሩን ሰርቆ ሲወጣ ምንም ነጥብ አልተጨመረለትም፡፡ እሱ ግን እናቱን ከማድ ቤት ጠርቶ «እዪኝማ፣ እንደገና ላሳይሽ» አላት፡፡